ለእኛ ብለህ አትምረጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ስለ ዋይት ሐውስ የሚፈላሰፍ ሰው እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ግን በዚህች ከተማ ስለ ትራምፕ ተከራክሮ የማያውቅ ሰው ካለ እሱ ይሳቅብኝ። እኔ ቢያንስ ሰበብ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ላስ ቬጋስ ይኖራል። ዜግነት ወስዷል፤ ካዚኖ ባለው ሆቴል ውስጥ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ከገቢው ብዙውን የሚያገኘው ከጉርሻ ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር እየደወለ ይሟገተኛል። እኔ ደግሞ የነጋዴዎችን ሒሳብ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ግብር ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ዓመተ ምሕረቱ እንዳያምታታችሁ፣ የአሜሪካን ነገር ስናገር በፈረንጆቹ፣ የእኛን ስናገር በእኛው ነው የምቆጥረው።

ሜሪላንድ ያላችሁ ዘመዶች አትቀየሙኝና፣ ፕሬዚዳንት በመምረጥ ረገድ የእናንተ ድምፅ ብዙም አያጓጓም፤ የግዛታችሁ ውጤት አስቀድሞ ይታወቃል። ኔቫዳ ግን ሌላ ናት። ፕሬዚዳንቱን ከሚወስኑት የግዛት ድምፆች ያላት 6 ብቻ ቢሆንም ወዴት እንደምታዘነብል አይታወቅም፤ ከ2008 ጀምሮ ለዴሞክራቶች ስትሰጥ ቆይታ በ2024 ለትራምፕ ሰጠች። ስለዚህ እጩዎቹ ላስ ቬጋስን ይመላለሱባታል። ትራምፕ በጁን 2024 እዚያው ከተማ ላይ ቆመው ከጉርሻ ግብር እንደማይወሰድ ቃል ገቡ። ካማላ ሃሪስ በኦገስት እዚያው ከተማ መጥተው ያንኑ ቃል ደገሙት። የአክስቴ ልጅ በደስታ ሰክሮ ደወለ። በሁለቱም ሳህን ላይ የተቀመጠ ነገር ሚዛን አያጋድልም፤ እሱን አውርደውና ሌላውን እንይ አልኩት። ተቆጣ።

ቃሉ ሕግ ሆነ፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ትራምፕ ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ትልቁ የግብር ሕግ በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ጉርሻ ከገቢ ግብር ስሌት እንዲቀነስ ፈቀደ። 10,000 ዶላር ጉርሻ ያገኘና የ12 በመቶ እርከን ላይ ያለ ሠራተኛ 1,200 ዶላር ይተርፈዋል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና የሚቆረጠው 7.65 በመቶ ከጉርሻውም ላይ እንደ ቀድሞው ይቆረጣል። ገቢው አነስተኛ ሆኖ ድሮውንም የፌዴራል የገቢ ግብር የማይደርስበት አስተናጋጅ ደግሞ ከዚህ ሕግ የሚያገኘው ነገር የለም። ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የጊዜ ገደቡ ነው። የጉርሻው ማቅለያ የሚያበቃው በ2028 መጨረሻ ላይ ነው። ቀጣዩ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ መቼ ነው? ኖቬምበር 2028። እጩዎቹ ያንኑ ጉርሻ ይዘው እንደገና ላስ ቬጋስ ይመጣሉ ማለት ነው። በ2017 በወጣው ሕግ ከ35 ወደ 21 በመቶ የወረደው የኩባንያዎች ግብር ግን የማብቂያ ቀን የለውም። የአስተናጋጁ ማቅለያ ቀነ ገደብ ተቆርጦለት የኩባንያው ሳይቆረጥለት ሲቀር፣ ሕጉ ሲረቀቅ የማን ጉዳይ አስጨናቂ እንደነበር የራሴ ግምት አለኝ፤ እናንተም የራሳችሁ ይኑራችሁ።

ሁለቱ እጩዎች የሚለያዩት በሌላው ነበር። ሃሪስ የኩባንያውን ግብር ወደ 28 በመቶ ከፍ ሊያደርጉ፣ በዓመት ከ400,000 ዶላር በታች በሚያገኝ ሰው ላይ ግን ላይጨምሩ፣ አራስ ልጅ ላለው ቤተሰብም እስከ 6,000 ዶላር የግብር ቅናሽ ሊሰጡ ነበር። ትራምፕ ደግሞ የ2017ቱን ቅነሳ ሊያስቀጥሉና ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከባድ ቀረጥ ሊጥሉ። የአክስቴ ልጅ «ቀረጡን የምትከፍለው ቻይና ናት» ብሎ ድርቅ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ለሸዋ ሰው ይነገራል? ቀረጥ ሲጨመር የመርካቶው አስመጪ ምን እንደሚያደርግ፣ ከእሱ የሚረከበው የጠባሴ ባለ ሱቅ ምን እንደሚያደርግ ተወልዶ ባደገበት ሰፈር አይቶታል። መጨረሻ ላይ ሒሳቡ የሚያርፈው ፔርሙዝ ልትገዛ በወጣችው ሴት ላይ ነው። ቀረጥ የአገር ውስጥ ፋብሪካን ሊያበረታታ ይችላል፣ ያንን እቀበላለሁ። ባዕድ ይከፍልልሃል ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ደግሞስ ፕሬዚዳንቱ በግብር ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው? በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግብር የመጣል ሥልጣን የኮንግረስ ነው፤ የገቢ ሕግም የሚመነጨው ከተወካዮች ምክር ቤት ነው። የ2025ቱ ሕግ ሴኔት ሲደርስ 50 ለ50 ሆኖ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄዲ ቫንስ ድምፅ ጨምረው ነው ያለፈው። አንድ ደጋፊ ሴናተር ቢከዳ ኖሮ የጉርሻው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀር ነበር። በቀረጥ ላይ ግን ፕሬዚዳንቱ በፊርማቸው ብቻ ብዙ ርቀት ሲሄዱ አይተናል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። ስለዚህ እጩው ስለ ገቢ ግብር የሚገባው ቃል ግማሹ በሌሎች እጅ ነው፤ ስለ ቀረጥ የሚናገረውን ግን በሙሉ ጆሮህ ስማ ነው ያልኩት። የእኛው ፕሬዚዳንት እኮ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው የሚመረጡት፤ ስለ ግብር የሚጠይቃቸውም ሰው የለም።

ሕግ ከወጣም በኋላ አስፈጻሚው አለ። እኛ ይህንን ከድሮ እናውቀዋለን። ከክፉ ቀን በኋላ ዐፄ ምኒልክ ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ መብላቱ እንዲቀር ብለው አሥራት ጣሉ፤ ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ ይሰጣል፣ ወታደሩ ከዚያ ይቀለባል ነበር ነገሩ። በብዙ ቦታ ግን አሥራቱም ተሰጠ፣ ወታደሩም መምጣቱን አልተወም። በ2009 ዓ.ም. ክረምትም ያን ሁሉ ሱቅ ያዘጋው የግብሩ ምጣኔ ሳይሆን የነጋዴው የቀን ገቢ ግምት ነበር። ዐዋጁ ሌላ፣ ገማቹ መዝገቡን ይዞ በር ላይ ሲቆም የሚሆነው ሌላ። አሜሪካም ከዚህ የራቀች አይደለችም። በ2022 ጆ ባይደን የፈረሙት ሕግ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት 80 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተጨማሪ በጀት መድቦ ነበር፤ ኮንግረስ ከዚያ ላይ ብዙ ቀንሷል። የባለጸጋውን ሒሳብ የሚመረምር ባለሙያ ከሌለ፣ የኩባንያው ግብር 21 ይሁን 28 በመቶ በወረቀት ላይ ያለ ክርክር ነው የሚሆነው። በምርጫ ክርክር ላይ ስለዚህ በጀት የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ግን ብዙ አይገኝም፤ አሰልቺ ነዋ።

የአክስቴ ልጅ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያማርር አልራራሁለትም። በጁን 2022 የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ሲደርስ ዓለም የተገለበጠ ያህል አወራኝ። በዚያ ዓመት የእኛው ከ30 በመቶ በላይ ነበር። አክስቴ ስልኩን ተቀብለው «አይዞህ ልጄ፣ ያልፋል» አሉት፤ ከልባቸው ይሁን እያሾፉ እስካሁን አልተለየልኝም። የዋጋ ንረት ወረደ ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው እንጂ እንቁላሉ ወደ ድሮ ዋጋው ይመለሳል ማለት አይደለም። እመልሰዋለሁ የሚል እጩ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ከአቅሙ በላይ እየተናገረ ነው። እነሱ እኮ እኛ የሌለን አንድ ነገር አላቸው፤ የገቢ ግብር እርከናቸው በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር ይስተካከላል። የእኛ እርከን ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. ሳይነካ ቆሞ፣ ጤፍ ምን ያህል እንደተወደደ ታውቃላችሁ፣ ከ600 ብር በላይ ያገኘ ሁሉ ሲቆረጥበት ኖረ፤ ከ10,900 ብር በላይ ያለውም ገቢ እንደ ባለጸጋ ገቢ 35 በመቶ ተቆረጠበት። በ2017ቱ ማሻሻያ መነሻው 2,000 ብር ሆነ፤ 35 በመቶውም ከ14,000 ብር በላይ ጀመረ። በ14,000 ብር ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ተከራይቶ ልጅ የሚያስተምር ሰው ባለጸጋ ከሆነ፣ ድሃ የምንለውን ምን ልንለው ነው? በእኛ አገር ምርጫ ይህንን እርከን አንሥቶ የተከራከረ እጩ በጆሮዬ አልሰማሁም።

ማኅበራዊ ጉዳይ የሚሉትን አክስቴ በአንድ ቃል ነው የሚዘጉት፤ ፅንስ ማቋረጥን የሚከለክለውን ምረጥ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ጉዳዩን ወደየግዛቶቹ መልሶታል፤ ኔቫዳም በ2024 ይህንኑ መብት በግዛቷ ሕገ መንግሥት ለማስፈር ለሕዝብ አቅርባ ከ60 በመቶ በላይ ድጋፍ አገኘ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ ትራምፕ አሸነፉ። መራጩ ሁለቱን ነገር ለይቶ አይቶታል፤ እኔም የማደንቀው ይህንን ነው። በእኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በተወሰኑ ሁኔታዎች ፅንስ ማቋረጥን እንደሚፈቅድ ለአክስቴ ነግሬያቸው አላመኑኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጠባችን ልምጣ። አክስቴ ልጃቸውን «ለአገርህ የሚበጀውን ምረጥ» ይሉታል፤ አገርህ ሲሉ ኢትዮጵያን ነው። ብዙ ዘመዶቻችንም የሚመርጡት በዚህ መለኪያ ነው። እስቲ እንየው። በ2020 ትራምፕ ግብጽ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል በአደባባይ ተናገሩ፤ መንግሥታቸውም ለኢትዮጵያ ከሚሰጠው እርዳታ ከፊሉን አገደ። ባይደን መጡ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጡ። የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ያ የሩቅ ወሬ አልነበረም። አንደኛው በግድቡ፣ ሌላኛው በፋብሪካው መጡ፤ ታዲያ በየትኛው ይመዝን?

ከዚያ በኋላ እኛን በቀጥታ የነኩን ነገሮች ደግሞ በዘመቻው ዋና ዋና ተስፋዎች ውስጥ አልነበሩም። ዩኤስኤይድ በ2025 መፍረሱ አንዱ ነው። ሌላው ያ የጉርሻ ሕግ ራሱ ነው፤ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ ግብር ይዞ መጣ። በተወካዮች ምክር ቤት ሲጀመር 5 በመቶ ነበር፣ ወደ 3.5 ወረደ፣ በመጨረሻ 1 በመቶ ሆኖ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ጥሬ ገንዘብ ወይም እንደ መኒ ኦርደር ያለ ነገር ይዞ ሄዶ የሚልከውን ነው የሚመለከተው፤ ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም እዚያው በተሰጠ የባንክ ካርድ የሚልከውን አይነካውም። የምትልኩልን ሰዎች ይህንን ልብ በሉ፤ ከ300 ዶላር ላይ 3 ዶላር ማለት ነው። ከጉርሻው ግብር ቀንሶ፣ ጉርሻውን ለእናቱ ሲልክ የሚቀርጥ አንድ ሕግ። በ2024 ይህንን ሊመዝነው የሚችል መራጭ አልነበረም።

«ለእኛ ብለህ አትምረጥ» ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ልጆችህ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት፣ የሕክምና ዋስትናህን፣ የራስህን ደመወዝ አይተህ ምረጥ፤ የእኛን ነገር ጨምረህ ፍርድህን አታዛባ። አክስቴ ኩርፊያ ያዙ። «ታዲያ እንዲረሳን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። አይርሳን፤ ግን እኛን የሚያስታውስበት ቦታ ሌላ ነው። ያ 5 በመቶ ወደ 1 የወረደው በሁለቱ ምክር ቤቶች ድርድር ነው። 435ቱም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባሉ። በምርጫ ክልልህ የወከለህ ማን ነው ብዬ ብጠይቀው አላወቀም፤ የትራምፕን ልጆች ስም ግን በተራ ይቆጥርልኛል። ስሙን አጣርቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። ሲልክልኝ፣ ያ ተወካይ በ2025ቱ ሕግ ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ አብረን እናያለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።