ሽሮ ሜዳን የሚወጣ ሳይክል፦ ለዕለት መመላለሻ ምን እንግዛ?

[ምስል፦ ማለዳ፣ ሽሮ ሜዳ። ተራኪው ሳይክሉን ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል።]

ሰላም ናችሁ? ያለሁት ሽሮ ሜዳ ነው። ከዚህ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ካዛንቺስ፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ፔዳል የምረግጠው ከስንት አንዴ ነው። ቁልቁለቱ ይወስደኛል። ማታ ስመለስ ግን መንገዱ ጠዋት ያበደረኝን ከነወለዱ ይቀበለኛል።

የመጀመሪያ ሳይክሌን ስገዛ ማታውን አላሰብኩትም። ቀይና ጥቁር፣ ከፊትም ከመሐልም አመርቲዛተር ያለው፣ ሲያዩት ሞተር ሳይክል የሚመስል ነበር። ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ማውንቴን ነው፤ ተራራ ይወጣል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ወጣ። እኔ እየገፋሁት።

ዛሬ የምናወራው በየቀኑ ለሥራ ወይም ለትምህርት የሚመላለስ ሰው ብዙ ሳያወጣ፣ ጀርባውንና ጉልበቱንም ሳይጎዳ ምን ዓይነት ሳይክል ይግዛ በሚለው ላይ ነው። ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ግን የምትመላለሱበትን መንገድ አንድ ጊዜ በእግራችሁ ሂዱበት። የቱ ጋ ዳገት አለ? የቱ ጋ ኮብልስቶን ነው? ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛው የት ነው?

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ዘንባባ የተተከለበት ጎዳና፣ ሳይክል የሚነዱ ሰዎች።]

ባሕር ዳር የምትኖሩ ከሆነ ሥራችሁ በግማሽ ቀለለ። ከተማው ጣና ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው። ማርሽ የሌለው፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት፣ ጥቁሩ ባለ 28 ቁጥር ጎማ ሳይክል ይበቃችኋል። የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው፣ የሚጠግነውም አይጠፋም። ሀዋሳም እንደዚያው። እዚያ ሆናችሁ ባለ 21 ማርሽ ብትገዙ የማትቀይሩትን ማርሽ ስታስጠግኑ ትኖራላችሁ።

አዲስ አበባ ሌላ ታሪክ ናት። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ 2,100 ገደማ ነው። ከተማዋ በሁለቱ መሐል እያዘቀዘቀች ትወርዳለች። በዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ እዚህ ዋናው ጥያቄ ማርሽ ነው።

[ምስል፦ የሳይክል ማርሽ በቅርበት። ጣት ጥርሶቹን ይቆጥራል።]

«ስንት ማርሽ አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። 21 ማለት ከፊት 3 ባለ ጥርስ ክብ፣ ከኋላ 7፣ ሲባዛ 21 ማለት ብቻ ነው። ዳገት ስለ መውጣቱ ምንም አይነግራችሁም። ተንበርከኩና ጥርስ ቁጠሩ። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን። ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ማርሽ የሌለው ሳይክል ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሩ ባለ 26 ቁጥሩ ጎማ አምስት ሜትር ያህል ይወስዳችኋል። ሜዳ ላይ ግሩም ነው። ዳገት ላይ ግን በእያንዳንዱ ዙር ራሳችሁን አምስት ሜትር ሽቅብ ልትጎትቱ ነው። ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ከሆነ አንድ ዙር ሁለት ሜትር ብቻ ነው። ቀስ ትላላችሁ፣ ግን ተቀምጣችሁ፣ እየተነፈሳችሁ ትወጣላችሁ። ከኋላ 34 ጥርስ ካገኛችሁ ወደ 1.7 ሜትር ይወርዳል። እኔ አሁን የምነዳው ይህንን ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የሚሄዱ እግረኞች አንዳንዴ ይቀድሙኛል፤ አላፍርም።

ርካሽ ባለ 21 ማርሽ ሳይክሎች ብዙ ጊዜ ከፊት 28፣ 38፣ 48፣ ከኋላ ደግሞ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ይዘው ይመጣሉ። ይህ ለአዲስ አበባ ክፉ አይደለም። የኋላውን በ34 ለማስቀየር ግን ሳይክሉን ሳትገዙ መካኒክ ጠይቁ፤ ማርሽ የሚያዘዋውረው ክንድ ሁሌም ትልቁን ጥርስ አይችለውም።

[ምስል፦ ሁለት አመርቲዛተር ያለው ሳይክል ዳገት ላይ። ነጂው ሲረግጥ ሳይክሉ ከፍ ዝቅ ይላል።]

አሁን ወደ አመርቲዛተሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ቂም አለብኝና ታገሱኝ።

ጥሩ አመርቲዛተር ውድ ነገር ነው። በርካሽ ሳይክል ላይ የሚገጠመው ከባድ ሞላ ነው። ስትረግጡ ሞላው ይጨመቃል፤ ከእግራችሁ የወጣው ጉልበት ጎማውን ማዞር ትቶ ሞላ ሲያጫውት ይውላል። የመሐሉ ደግሞ ማጠፊያ ላይ የተሰካ ነው። ዓመት ሳይሞላው ማጠፊያው ይላላና ሳይክሉ እንደ አሮጌ አልጋ ይንሿሿል። መለዋወጫው አይገኝም። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወስጄው፣ «ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ ምንድነው?» ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሲሠራም እንዲሸጥ እንጂ እንዲነዳ አይደለም» አሉኝ።

ታዲያ ኮብልስቶኑን ምን ይቻለው? ጎማ። ወፈር ያለና በልኩ የተነፋ ጎማ ለእጅና ለወገብ ከርካሽ ሞላ ሁሉ ይሻላል። 26 በ1.95 የሚል ጽሑፍ ጎማው ጎን ላይ ካያችሁ ለከተማ ደህና ስፋት ነው። ጥርሱ ያልጎላ፣ ለስለስ ያለ ይሁን። እንደ ትራክተር ጎማ ያገጠጠው አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ጉልበትም ይበላል።

ንፋሱ ስንት ይሁን? ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ እንዲህ ባለው ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ ነው። ቀላል ሰው ወደ ታችኛው ቁጥር፣ ከባድ ሰው ወይም ዕቃ የሚጭን ወደ ላይኛው ይጠጋ። ጎሚስታ ቤት ስትሄዱ ግን ተጠንቀቁ። የሳይክል ጎማ ጠባብ ነው፤ ያ የመኪና ኮምፕሬሰር በሰከንድ ውስጥ ያፈነዳዋል። «ወንድሜ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ» በሉት። የመንፊያው አፍንጫም እንደ መኪና ጎማ ወፍራሙ ዓይነት ይሁን። ቀጭኑ አፍንጫ ማገናኛ ከሌለው ጎሚስታ ጋ አይነፋም፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መገናኛ ቆማችሁ ይህን ማወቅ አትፈልጉም።

ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። «28 ቁጥር» የሚባለው ጎማ አንድ ዓይነት አይደለም። የጥቁሩ የድሮ ሳይክል ቸርኬ 635 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዘመኑ 28 ደግሞ 622። ስማቸው አንድ፣ ልካቸው ሁለት። አንዱ ለሌላው አይገጥምም። ጎማ ስትገዙ በትንሹ የተጻፈውን ይህን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አስተያዩ። የ26 ማውንቴን 559 ነው። እኔ የምመክረው ሰፈራችሁ ያለው ጎሚስታ ወይም ሳይክል ጠጋኝ ከመነዳሪውን፣ ማለትም የውስጡን ጎማ፣ በእጁ የሚያገኘውን ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ 26 ነው።

[ምስል፦ አንዲት ሴት መሐሉ ዝቅ ያለ ሳይክል ላይ በቀላሉ ስትወጣ።]

ምቾት ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው መቀመጫ ነው። በጣት ተጭኖ «ኧረ ይሄ ሶፋ ነው!» ይላል። በጣም የሚሰምጥ መቀመጫ ለአሥር ደቂቃ ይጥማል፤ ከዚያ ሥጋውን እያፈነ ያደነዝዛል። ጠንከር ብሎ የመቀመጫ አጥንታችሁን የሚሸከም ይሻላል። ከመቀመጫው በፊት ግን ልኩ ይቅደም።

ሳይክሉን በሁለት እግራችሁ መሐል አድርጋችሁ ቁሙ። ከላይኛው ቱቦ ጋር ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይኑራችሁ። ከዚያ ግድግዳ ይዛችሁ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው፤ በእግር መዳፍ ፊት ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል። ብዙ ሰው እግሩ መሬት በደንብ እንዲነካለት ብሎ መቀመጫውን ዝቅ ያደርጋል፤ ከወር በኋላ «ሳይክል ጉልበቴን አመመኝ» ይላል። ሳይክሉ ምን በደለ!

መሪው ከመቀመጫው እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። ክርናችሁ ትንሽ ታጥፎ፣ ቀና ብላችሁ የታክሲውን ረዳት ዓይን ማየት የምትችሉበት። ታች ጎንበስ የሚያስብለው የውድድር ሳይክል ለሌላ ሰው ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የምሳ ዕቃ አልያዘም ነበር።

መሐሉ ዝቅ ያለውን ሳይክል «የሴት» እያልን ወንዶች እንሸሸዋለን። ስህተት ነው። ከኋላ ዕቃ ጭናችሁ፣ ወይም ወገባችሁን እያመማችሁ፣ እግር ሰማይ ሳትሰቅሉ የምትወጡበት እሱ ብቻ ነው። ቀሚስ ለሚለብሱ ደግሞ ሌላ ምርጫም የለም። ባዩት ጊዜ ግዙት።

[ምስል፦ ዝናብ። እርጥብ ቸርኬ፣ ፍሬን ሲያዝ።]

ጠዋት ለሚወርድ ሰው ፍሬን ነፍስ ነው። እዚህ ላይ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። አዎ፣ ማግኔት። ቸርኬው ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ያንሸራትተዋል፤ ክረምት ላይ ቁልቁለት ስትወርዱ ያዝኩት ብላችሁ አይዝም። ማግኔቱ ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ነው፤ በዝናብም በጣም ይሻላል። ባለ ዲስኩ ፍሬን ቸርኬ ቢረጥብም ግድ የለውም፤ ግን ዲስኩ ከተጣመመ ሲፋጭ ይውላል፣ ሸራውም በየሱቁ አይገኝም። እኔ አሉሚኒየም ቸርኬና ተራውን ፍሬን መረጥኩ፤ ላስቲኩን በየክረምቱ መግቢያ እቀይራለሁ።

ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል ሐምሌ ላይ የጀርባችሁን ሸሚዝ ይቀባዋል። ሰንሰለቱን የሚሸፍን ነገር ካለውም ሱሪያችሁ ያመሰግናችኋል። የኋላ መጫኛም ይኑረው፤ ቦርሳ ጀርባ ላይ ሲሆን ዳገቱ ላብ በላብ ያደርጋል።

[ምስል፦ ያገለገሉ ሳይክሎች ተደርድረው። ተራኪው ሜትር ይዞ ሰንሰለት ይለካል።]

ያገለገለ እንግዛ ወይስ አዲስ? ገንዘቡ እኩል ከሆነ፣ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ሳይክል ከርካሽ አዲስ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ፈትሹ። ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ አዙሩት፤ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ከተነቃነቀ የመሐሉ ኩሽኔታ አልቋል። ብየዳ ያለበትን ቦታ ሁሉ በጨርቅ ጠርጉና ስንጥቅ ፈልጉ። ስንጥቅ ካለ ዋጋ አትከራከሩ፣ ሂዱ።

ሰንሰለቱንም ለኩት። ከአንዱ ፒን ጀምራችሁ 24 ዓይን ቁጠሩ። አዲስ ከሆነ 305 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 308 ከደረሰ አርጅቷል፣ የማርሹንም ጥርስ በልቶት ሊሆን ይችላል። ይህን ጊዜ የሰንሰለትና የማርሽ ዋጋ ቀንሳችሁ ተደራደሩ።

ፍሬሙ ሥር፣ ፔዳሉ አጠገብ የተመታ ቁጥር አለ። ፎቶ አንሱት፣ ደረሰኝ ወይም የሽያጭ ወረቀት ላይም ይጻፍ። ቁጥሩ በፋይል ተፍቆ ካገኛችሁት ሳይክሉ የማን እንደሆነ አትጠይቁ፤ የእናንተ ግን እንዳይሆን።

ከያዛችሁት ገንዘብ አምስተኛውን እጅ ሳትነኩ አስቀሩ። ቁልፍ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ሄልሜትና መንፊያ በእሱ ይገዛሉ። ገንዘቡን ሁሉ ሳይክሉ ላይ ጨርሶ በሲባጎ ያሰረ ሰው አውቃለሁ። ሳይክሉን አሁን ማን እንደሚነዳው አያውቅም።

[ምስል፦ ፔዳል ሲጠብቅ።]

ካመጣችሁት በኋላ ራሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ፦ የግራው ፔዳል የሚጠብቀው በተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲያዞሩት። እኔ ይህን ሳላውቅ በጉልበቴ ወደ ቀኝ ጠምዝዤ የክንዱን ጥርስ ላጥኩት። አዲስ ክንድ ገዛሁ።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ መካኒክ ጋ መልሱት። አዲስ የፍሬንና የማርሽ ገመድ መጀመሪያ ላይ ይላላል፤ ብሎኖቹም መጥበቅ ይፈልጋሉ።

[ምስል፦ ምሽት። ተራኪው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በዝቅተኛ ማርሽ እየወጣ ነው፣ የኋላ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።]

እንግዲህ ይኸው፣ ፊት 28፣ ኋላ 34። ቀስ ብዬ ነው፤ ግን ተቀምጬ ነው።