ሽጉጡ መኪና ውስጥ፣ ባለቤቱ ቢሮ ውስጥ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሹፌሮች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

በሥራ ቀን ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በፖሊስ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። መሣሪያ ሲወጣ አስፈርሜ፣ ሲመለስ ቁጥሩን አመሳክሬ ነው የኖርኩት። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ልናገር ነው። ፈቃድ ኖሯችሁ ሽጉጥ የምትይዙ ሰዎች፣ ጠዋት ሥራ ስትገቡ መኪና ውስጥ ትታችሁት ስለምትሄዱት ሽጉጥ። ፈቃድ የሌለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ተናግሯል። እሱን ለሌላ ቀን ልተወው።

ለምን መኪና ውስጥ እንደምትተዉት አውቃለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ፍተሻ አለ። ባንኩ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ትልልቁ ሆቴል፣ ሁሉም ዘንድ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ክልከላው ተገቢ ነው። ሰውየው ግን እዚሁ ጎንደር ከአዘዞ ወይም ከማራኪ ሰፈር ሲነሳ ሽጉጡን ወገቡ ላይ አድርጓል። በሩ ጋ ሲደርስ ትዝ ይለዋል። ወደ መኪናው ይመለሳል፣ ጎንበስ ይላል፣ ወንበር ስር ይወሽቀዋል። በሩን በሪሞት ይቆልፍና ይገባል። ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ሽጉጡን አያየውም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ ጎንበስ ያለበት ሰዓት ነው። ፒያሳ ላይ መኪና አቁሞ ማንም የማያየው ሰው የለም። ሊስትሮው አለ፣ ሎተሪ አዟሪው አለ፣ ፓርኪንግ የሚያስከፍለው ልጅ አለ፣ ባጃጁን አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ አለ። አብዛኞቹ ላባቸውን ጠብ አድርገው የሚያድሩ ጨዋ ልጆች ናቸው። ግን አንድ ክፉ ዓይን ከመካከላቸው ካለ በቂ ነው። ሰው ወደ መኪናው ተመልሶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሲነሳ ምን እንዳስቀመጠ ለማወቅ ሌባ መሆን አያስፈልግም።

የመኪና መስታወት ደግሞ ምንም አያስጥልም። የጎን መስታወት ለመስበር ጉልበትም ጊዜም አይፈጅም። ሌባው እጁን ሰደድ አድርጎ መጀመሪያ የሚዳብሰው ወንበር ስር ነው። ቀጥሎ የዳሽቦርዱን ኪስ፣ ቀጥሎ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለችውን ሣጥን። እናንተ «እዚህማ ማን ያስበዋል» የምትሉትን ቦታ ሁሉ እሱ አስቦታል። ዳሽቦርዱ ቁልፍ ቢኖረውም ፕላስቲክ ነው፤ በአንድ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይገነጠላል።

በአሜሪካ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ውስጥ አንድ የፌዴራል መንግሥት የሕግ አስከባሪ የግል መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ሄደ። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በጀርባ ቦርሳ ውስጥ አድርጎ መኪናው ውስጥ ትቶ ነበር። መስታወቱ ተሰብሮ ቦርሳው ተሰረቀ። ከአራት ቀን በኋላ አንዲት ወጣት ሴት ከአባቷ ጋር በከተማው ወደብ ዳር ስትሄድ በዚያው ሽጉጥ ጥይት ተመትታ ሞተች። ጥይቱ መሬት ነጥሮ ነው የመታት። የሽጉጡ ባለቤት ወንጀለኛ አልነበረም። የሠለጠነ፣ ደንብ የሚያውቅ፣ መሣሪያ የመያዝ ሙሉ መብት ያለው ሰው ነው። ያን ቀን የጎደለው አንድ የብረት ሣጥን ነው።

ከዚያ በኋላ የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ አወጣ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው በሌለበት መኪና ውስጥ ሽጉጥ የሚተው ሁሉ፣ ፖሊስም ቢሆን፣ በተቆለፈ የኋላ እቃ መጫኛ ውስጥ ወይም ከእይታ በተሰወረ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። የዳሽቦርዱ ኪስ ቢቆለፍም እንደ ሣጥን አይቆጠርም። የኮሎራዶ ግዛትም ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አለው። በአሜሪካ መሣሪያ እንደ ልብ የሚገዛ መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እዚያ እንኳ መኪና ውስጥ ዝም ብሎ መጣል ተከለከለ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። እኛ በሽለላና በፉከራ ያደግን ሰዎች ነን። በጎንደር ገጠር አንድ አባወራ መሣሪያ ሲኖረው እንዴት እንደሚይዘው አይታችኋል። ሲተኛ ከራስጌው ነው። ሲወለውለው እንደ ሕፃን ልጅ ነው። ማንም እንዲነካው አይፈቅድም፤ የገዛ ወንድሙ እንኳ ጠይቆ ነው የሚያነሳው። ያ ሰው መሣሪያውን ገበያ ዳር ጥሎ ሄደ ቢባል መንደሩ አያምንም። የዚያ ሰው ልጆች ነን ብለን የምንኮራ ሰዎች ታዲያ ሽጉጥ ወንበር ስር ጥለን ስምንት ሰዓት ሙሉ ስብሰባ መቀመጥ አለብን? እኔ ይህን አልቀበልም።

ወንበር ስር መጣል ሌብነት ባይኖር እንኳ ክፉ ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስትወርዱ ድንገት ፍሬን ብትይዙ ከወንበር ስር ያለ ነገር ሁሉ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ብረት ከፍሬኑ ፔዳል ስር ቢወሸቅ ምን እንደሚሆን ሹፌር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያው መኪና ደግሞ ባለቤታችሁ ልጆች ከትምህርት ቤት ታመጣለች። ልጅ የወደቀች እስክሪብቶ ሊያነሳ ወንበር ስር እጁን ይሰዳል። ላቫጆም አለ። ቁልፉን ለአጣቢው ልጅ ሰጥታችሁ ቡና ልትጠጡ ትሄዳላችሁ፤ እሱ ምንጣፉን ሊያወጣ ጎንበስ ይላል። ጋራዥም፣ ጎሚስታም እንዲሁ ነው። መኪናችን በቀን ውስጥ ስንት እጅ እንደሚነካት ቁጭ ብላችሁ አስቡት።

ታዲያ ምን እናድርግ? የመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው። ሥራ ቦታችሁ መሣሪያ የማያስገባ ከሆነና በመንገድ ላይ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ካልሆነ፣ ሽጉጡን ቤት ቆልፋችሁ ኑ። ጥምቀትን የመሰለ ቀን ከሆነማ ጭራሽ ይዛችሁት አትውጡ። የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያውን በሰው ሲሞላ፣ መኪናችሁ የት ቆማ እንደምትውል እንኳ እርግጠኛ መሆን አትችሉም።

ግን መንገዱ ረጅም የሆነበት፣ ገንዘብ ይዞ የሚንቀሳቀስ፣ ማታ አምሽቶ የሚመለስ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ለእሱ የምመክረው የብረት ሣጥን ነው። ክዳኑ ወፍራም፣ ማጠፊያው ከውስጥ የሆነ፣ የራሱ ቁልፍ ያለው። ሣጥኑ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ሌባው ሣጥኑን ከነሽጉጡ ይዞት ይሄዳልና ቤቱ ሄዶ ይሰብረዋል። ስለዚህ ወለሉ ላይ በብሎን መታሰር አለበት። ብሎኑ የሚፈታው ሣጥኑ ሲከፈት ብቻ ከውስጥ በኩል ይሁን። ይህን ማንኛውም ጎበዝ የብረታ ብረት ባለሙያ ይሠራዋል፣ ከውጭ የግድ መምጣት የለበትም። በሽቦ ገመድ ከወንበሩ ብረት ጋር የሚታሰሩ ትንንሽ ሣጥኖችም አሉ። ከባዶ ይሻላሉ። ሽቦው ግን በመቁረጫ ይቆረጣልና እንደ ብሎኑ አትመኑት።

ቦታውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮሮላ ያላችሁ ሰዎች የኋላው እቃ መጫኛ የተቆለፈ ይመስላችኋል። ከሹፌሩ ወንበር ጎን ያለችውን መክፈቻ አስታውሱ። መስታወት የሰበረ ሰው እሷን ሳብ ሲያደርግ የኋላው ክዳን ይከፈታል። ቪትዝ የያዛችሁ ደግሞ ከነጭራሹ የተለየ የኋላ ክፍል የላችሁም፤ የኋላው ወንበር ሲታጠፍ ሁሉም ነገር ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ የኋላው እቃ መጫኛ ብቻውን አይበቃም፤ ሣጥኑ እዚያ ውስጥ ይታሰር። የጠቆረ መስታወትም ከፀሐይ ነው የሚከልለው፣ ከሌባ አይከልልም።

የሣጥኑ ቁልፍ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አይታሰር። ይህን ደግሜ እላለሁ። የመኪናውን ቁልፍ ለላቫጆ ትሰጣላችሁ፣ ለወንድማችሁ ታውሳላችሁ፣ ለሹፌር ትሰጣላችሁ። የሣጥኑ ቁልፍ ግን ኪሳችሁ ውስጥ፣ እናንተ ዘንድ ብቻ ይሁን። ፈቃዱ የተጻፈው በእናንተ ስም ነው፤ ቁልፉም ከእጃችሁ አይውጣ። የፈቃድ ወረቀቱንም ሣጥኑ ውስጥ አትተዉት። ሽጉጡ ቢጠፋ ቁጥሩን ከየት ልታመጡ ነው? ቁጥሩን ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ጠፋ ካላችሁ በዚያችው ሰዓት ለፖሊስ ተናገሩ። «እስኪ መጀመሪያ እኔ ላፈላልግ» ብሎ ሦስት ቀን የሚቆይ ሰው ለወንጀለኛው ሦስት ቀን እየሰጠው ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሽጉጡ ሲቀመጥ ባዶ ይሁን። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር። ጣት ከቃታው ይራቅ። መጀመሪያ ካዝናው፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚደረደሩበት ክፍል፣ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ነው ማቀባበያው የሚሳበው። ካዝናውን ሳይነቅል ማቀባበያውን የሚስብ ሰው አንዷን ጥይት ሲያስወጣ ሌላዋን ያጎርሳል። ከዚያ ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ይላል። ባዶ አይደለም። ማካሮቭ የሚባለው ሽጉጥ ካዝናው ቢነቀልም ውስጡ የቀረችውን ጥይት ይተኩሳል። ጥይት ባረቀበት የምንለው አደጋ አንዱ መንገድ ይህ ነው። ስለዚህ የጥይቱን መጉረሻ በዓይናችሁ እዩት፣ ጨለማ ከሆነ በጣት ዳብሱት። ጥይቱንም ከሽጉጡ ለይታችሁ አስቀምጡት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ፓርኪንግ ላይ አይደለም። መኪና ውስጥ ተጠማዝዞ፣ ሰው በመስታወት እያለፈ፣ ስልክ እየጮኸ ጥይት ማውጣት አደጋ መጥራት ነው። ቤት ውስጥ፣ ከልጆች ርቃችሁ፣ ተረጋግታችሁ ባዶ አድርጉት። ሣጥኑ ውስጥ ቆልፉት። ከዚያ መኪናውን አስነሱ። ሥራ ቦታ ስትደርሱ የምትሠሩት ነገር መኖር የለበትም። በሩን ዘግታችሁ ትገባላችሁ፣ የሚያይም የሚጠረጥርም የለም።

ማታ ደግሞ ሽጉጡ መኪናው ውስጥ አያድርም። ሣጥኑ የሥራ ሰዓትን ብቻ ለማለፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ ካገኘ ሌባ ብሎንም ይፈታል፣ ብረትም ይቆርጣል። በክረምት ጊዜ ደግሞ እርጥበቱ ሽጉጡን ያዝገዋል። ማታ አውጡትና ቤት ቆልፉት።

አሁን የቀረኝ ለኃላፊዎቹ ነው። ከፊት ለተቀመጣችሁት። «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብላችሁ ስትለጥፉ ሰውየው መሣሪያውን የት ያድርገው የሚለውን አልመለሳችሁም። ዛሬ በብዙ በሮች ላይ የሚሆነው ጥበቃው ተቀብሎ የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ መክተት ነው። ያ መሳቢያ ከመኪናው ወንበር አይሻልም። ሁለት ሦስት ሽጉጥ አንድ ላይ ተደራርቦ፣ የማን የማን እንደሆነ ሳይጻፍ የሚውልበትን ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰውነቴ ነው የተንቀጠቀጠው።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። በጥበቃ ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ የታሰረ፣ በየክፍሉ የተከፋፈለ የብረት ቁም ሣጥን ይኑር። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉን የሚወስደው ባለመሣሪያው ራሱ ይሁን። የሽጉጡ ቁጥር፣ የፈቃዱ ቁጥር፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት የሚጻፍበት አንድ መዝገብ ይኑር፤ ሰውየውም ጥበቃውም ይፈርሙበት። ከጎኑ አሸዋ የተሞላ በርሜል ይቁም። ሽጉጡን ቤቱ ውስጥ ባዶ ሳያደርግ የመጣ ሰው አፈሙዙን ወደ አሸዋው አዙሮ ጥይቱን ያወጣል፤ ቢባርቅ እንኳ አሸዋው ይውጠዋል። በግምጃ ቤት ሳለሁ በዚህ ዓይነት ነበር የምንሠራው። በርሜልም አሸዋም ጎንደር ውስጥ አይጠፋም።

ቁም ሣጥኑ ምን ያህል ስፋት እንደሚያስፈልገው፣ መዝገቡ ምን ምን ዓምድ እንደሚኖረው በወረቀት ስዬ ይዤ መጥቻለሁ። ለመኪና የሚሆነውን ሣጥንም አንድ አስበይጄ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ኑና ክፈቱት፣ ዝጉት፣ ብሎኑንም እዩት። ኃላፊዎች ግን እባካችሁ ከአዳራሹ ሳትወጡ አግኙኝ። ከመካከላችሁ በዚህ ወር ለመጀመር ፈቃደኛ የሆነ መሥሪያ ቤት ካለ፣ ጥበቃዎቹን በነፃ አሠለጥናለሁ።