«አንቺው ጻፊውና እኔ እፈርማለሁ»

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማስተርስ ልማር እያመለከትኩ ነው ካልኳችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። አብዛኛው ስለ ፈተናው ነው። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ስለ ሪኮመንዴሽን ነው፣ ስለ ድጋፍ ደብዳቤ።

ለአዲስ አድማጮች ያህል፣ ፋርማሲስት ነኝ። ዲግሪዬን ከያዝኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ ፋርማሲ ቆሞ መሸጥ አይደለም። መድኃኒት ከመጋዘን ወጥቶ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ያለውን ነው የምከታተለው። ምን ያህል ይታዘዝ፣ የትኛው ቀድሞ ይውጣ፣ የትኛው ጊዜው ሊያልፍበት ነው። ልማረው የፈለግኩትም ይህንኑ ነው። እናቴ ስትሰማ «ልጄ፣ አሁን ማን ምን አለሽ?» ነው ያለችው።

ፈተናውን ቶሎ ልለፈው። እዚህ አገር ማስተርስ ለመግባት ጋት የምንለው የመግቢያ ፈተና አለ። ቋንቋ አለው፣ ሒሳብ አለው፣ የማመዛዘን ጥያቄ አለው። ሒሳቡ ያን ያህል አይከብድም። ችግሩ ለዓመታት በኤክሴል ስንደምር የኖርን ሰዎች ፐርሰንት በእጅ ማስላት ረስተናል። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ ነበር የማጠናው። ዙሪያዬን የሚቀመጡት ለማትሪክ የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው። አንዱ ጠጋ ብሎ «ማዘር፣ ቻርጀር ይዘሻል?» አለኝ። ማዘር! ቻርጀሩን ሰጠሁት፣ ምን አደርጋለሁ።

ትራንስክሪፕት ሌላ ጣጣ ነው። ኦፊሻሉ ለባለቤቱ አይሰጥም፤ ታሽጎ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ነው የሚሄደው። ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ መጀመሪያ እሱን መጨረስ አለበት። እኔ የተማርኩት ከአዲስ አበባ ውጪ ስለሆነ ወረቀቴ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ለማወቅ ብቻ ስልክ ስደውል ከረምኩ። ለማመልከት ያሰባችሁ ከትራንስክሪፕት ጀምሩ። ሬጅስትራር ለማንም አይቸኩልም።

የውጭውንም አይቼ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ቼቭኒንግ፣ ዕድሜ አይገድብም፤ እንዲያውም ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ስኮላርሺፕ የሚሰጠው የጀርመኑ ድርጅት፣ ዳድ (DAAD)፣ ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች ኢፖስ የሚባል ፕሮግራም አለው። እሱም የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል፣ ግን የመጨረሻ ዲግሪሽ በመደበኛው ከ6 ዓመት መብለጥ የለበትም ይላል። አነበብኩት፣ ዘጋሁት። ልጆቼን ትቼ መሄዱም አይሆንልኝም ነበር።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ቅጹ ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ አንድ ያስተማረሽ፣ አንድ ያሠራሽ።

የዲግሪ ጊዜ አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። «ስምሽን እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩ። «የየትኛው ባች?» ነገርኳቸው። «አዎ፣ አዎ» አሉ፣ ግን እንዳላስታወሱኝ ለሁለታችንም ግልጽ ነው። አልፈርድባቸውም። እኔ ሰቃይም አልነበርኩ፣ ወዳቂም አልነበርኩ። መሃል ያለ ተማሪን ማን ያስታውሳል? ስልኩን ልዘጋ ስል የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ነገርኳቸው። «ውይ! ያቺ በየቤቱ እየዞረች ኢንሱሊን የት እንደሚቀመጥ የጠየቀችው?» አሉ። ፍሪጅ የሌላቸው ሰዎች ኢንሱሊን ውኃ በያዘ እንስራ አጠገብ ሲያስቀምጡ ያየሁበት ጥናት ነበር። መልኬ ጠፍቶባቸዋል፣ እንስራው አልጠፋም።

አለቃዬ ጋ ግን ነገሩ ይለያል። አለቃን ሪኮመንዴሽን መጠየቅ ግማሽ መልቀቂያ እንደማስገባት ነው። ቢሯችን ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው። ምሳ ሰዓት ጠብቄ ገባሁ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልትለቂን ነው?» የሚል ነበር። «ኧረ በኤክስቴንሽን ነው፣ በማታው» አልኩ። ፊታቸው ተፈታ። ከዚያ የሰው ኃይል ክፍል ጋ ላኩኝ። የሰጡኝን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ በዚህ ደመወዝ እየሠሩ ይገኛሉ ይላል፣ የሚፈለግባቸውን የሥራ ግብር በወቅቱ ከፍለዋል ይላል። ማኅተም አለው። የሥራ ልምድ ነው እንጂ ሪኮመንዴሽን አይደለም። ግብር መክፈሌ ለማስተርስ ምን ያደርግልኛል?

ተመልሼ ስገባ «በቃ፣ አንቺው ጻፊውና እኔ እፈርማለሁ» አሉኝ።

ይህን ያልተባለ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ አለ ብላችሁ ነው? በክፋት አይደለም። ሰውየው ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ደግሞ ውለታ የዋሉልኝ ነው የሚመስላቸው። ለእኔ ግን ነገሩ አይዋጥልኝም። አንደኛ፣ በሌላ ሰው ስም ራስን ማወደስ ነው። ሁለተኛ፣ ስንቱን ማመልከቻ የሚያነብ መምህር ደብዳቤውና የአመልካቿ ጽሑፍ ከአንድ እጅ እንደወጡ አይጠፋውም። እስቲ ልሞክረው ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከሰው ጋር ተግባብታ የምትሠራ» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው የሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ ነው። አጠፋሁት።

በምትኩ አንድ ገጽ ማስታወሻ አዘጋጀሁላቸው። ውዳሴ የለበትም። አብረን የሠራናቸው ሥራዎች ናቸው፣ መቼ፣ የት፣ ምን ሆነ ብቻ። ከሁሉ በላይ ያስቀመጥኩት የማቀዝቀዣ ክፍላችን የቆመበትን ሌሊት ነው። መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ እምቢ አለ። ክትባትና ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለባቸው። ቴርሞሜትሩ 7ን አልፎ እየወጣ ነው። በረዶ ውስጥ እንዳትዘፍቁት ነገር፣ ኢንሱሊን በረዶ ከሠራም ይበላሻል። በረዶውን በካርቶን እየጠቀለልን ነበር የምናሽገው።

አለቃዬ ወረቀቱን ቆመው ማንበብ ጀመሩ፣ ከዚያ ተቀመጡ። «ያን ቀን እኔ መኪና አስነሱ እያልኩ ስጮህ፣ አንቺ መጀመሪያ የማን ፍሪጅ ባዶ እንደሆነ እንወቅ አልሽ። ስልክ ይዘሽ ቁጭ አልሽ። ተናድጄብሽ ነበር እኮ!» አሉ።

እኔ ያንን ማስታወሻው ላይ አልጻፍኩትም። በረዶ መጠቅለሌን እንጂ ስልኩን ከሥራም አልቆጠርኩትም ነበር። ለካ እሳቸው ያዩት እሱን ነው። «ይህን ልጻፈው?» አሉኝ። «እሱን ይጻፉልኝ» አልኩ። ራሳቸው ጻፉት፣ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ነገር።

ለምን መማር ፈለግሽ የሚለውንም ጽሑፍ የቀየርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ረቂቄ «እውቀቴን ለማሳደግ» ብሎ የሚጀምር ነበር። ማን ነው እውቀቱን ሊቀንስ የሚማረው? አሁን በጥያቄ ነው የሚጀምረው። የየጤና ጣቢያው ፍሪጅ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለው ሌሊት በስልክ የምንጠይቀው ለምንድን ነው? ቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ የለም ወይ? እንዲህ ያለ ጥያቄ በሃያ ሁለት ዓመቴ ከየት አመጣው ነበር።

ማመልከቻው ገብቷል። የቀረው ቃለ መጠይቅ ነው፣ ቀኑ ገና አልተነገረንም። ሥራ ላይ እያላችሁ ያለፋችሁበት ካላችሁ ምን እንደሚጠይቁ ጻፉልኝ። በተለይ «ከልጆችና ከሥራ ጋር እንዴት ትችይዋለሽ?» ካሉኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ንገሩኝ፣ እስካሁን ጥሩ መልስ የለኝም። በሉ፣ ቻው።