መብራት ሲመጣ ዲስኩ ላይ ለመጻፍ አትቸኩሉ

ጤና ይስጥልኝ! ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን፣ ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ተጋፍታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ አመሰግናለሁ።

አብዛኞቻችን የትምህርት ቤት፣ የክሊኒክ ወይም የፎቶ ቤት ሰርቨር የምንጠብቅ ነን። በዚህ በከተማው ዳር መብራት ሄዶ ሲመጣ ስልካችን ይጮሃል። ሁሉም "ቶሎ በሉ" ይላል። ዛሬ የማወራው ስለዚያች ሰዓት ነው።

ሊኑክስ ላይ በሶፍትዌር የተሠራ ሬይድ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራው ስብስብ፣ ወይ ይጻፍበታል፣ ወይ ይነበባል ብቻ፣ ወይ ደግሞ "ኦቶ-ሪድ-ኦንሊ" ላይ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በመጨረሻው ነው። የሬይዱን ሁኔታ የሚያሳየው ኤምዲስታት ፋይል ላይ ይህን ስታዩ ዲስኩ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ሬይዱ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እየጠበቀ ነው፣ አንዲት ነገር እንደተጻፈችበት ራሱ ለመጻፍ ይከፈታል፣ "ፔንዲንግ" ተብሎ የቆመ ሪሲንክ (ዲስኮቹን እርስ በርስ ማመሳሰል) ካለም ያኔ ይጀምራል።

ከተጠራጠራችሁ ግን እንዳይጻፍበት ቀድማችሁ ዝጉት። ሬይድ በሚያስተዳድረው ትእዛዝ፣ በኤምዲአድም፣ "ሪድኦንሊ" በሉት። ማውንት ሆኖ (ፋይሎቹ ለሥራ ተከፍተው) እየተጻፈበት ከሆነ ቢዚ ነኝ ብሎ እምቢ ይላል፤ መጀመሪያ አንማውንት አድርጉት። ከዚያ ረጋ ብላችሁ በኤምዲአድም "ኤግዛሚን" የየዲስኩን የኢቨንት ቁጥር፣ ማለትም ሬይዱ በተለወጠ ቁጥር የሚጨምረውን ቆጣሪ፣ አወዳድሩ። ቁጥሩ ወደኋላ የቀረው ዲስክ ከሬይዱ ቀድሞ የወጣው ነው፣ የያዘውም አሮጌ መረጃ ነው።

አደራ የምላችሁ ነገር ይሄ ነው። ማውንት ስታደርጉ "አርኦ" (ለማንበብ ብቻ) ማለት ብቻውን አይበቃም! ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ጆርናሉ (የጽሑፍ መዝገቡ) ላይ ያላለቀ ሥራ ካለ፣ በአርኦ ብትከፍቱትም እሱን ለመጨረስ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ኦቶ-ሪድ-ኦንሊ የነበረው ሬይድም በዚችው ሰበብ ይከፈታል፣ እናንተ ግን ምንም እንዳልነካችሁ ነው የምታስቡት። ስለዚህ ጆርናሉን እንዳይነካ "ኖሎድ" ጨምሩበት። የፋይል ሥርዓቱ ኤክስኤፍኤስ ከሆነ "ኖሪከቨሪ" ነው።

ከዚያ መረጃውን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። የክሊኒኩ ኃላፊ ቢቆጣም ቅዱ፤ የታካሚ ካርድ ከጠፋ ማንም መልሶ አይጽፈውም። ቅጂው መከፈቱን አይታችሁ ሬይዱን እንደገና እንዲጻፍበት በኤምዲአድም "ሪድራይት" በሉት። እንደተዘጋ አትተዉት ታዲያ፣ ሪድኦንሊ ሳለ ሪቢልድ (የጎደለውን ዲስክ መልሶ መሙላት) አይጀምርም።

ይህን ሁሉ በሰው ዲስክ ላይ አትለማመዱ። ባዶ ፋይሎችን በሉፕ ዲቫይስ (ፋይልን እንደ ዲስክ በሚያሳየው የሊኑክስ መሣሪያ) እንደ ዲስክ አድርጋችሁ የራሳችሁን ሬይድ መሥራት ትችላላችሁ። ላፕቶፕ የያዛችሁ ወደፊት ቅረቡ፣ አሁኑኑ አብረን እንሞክረው።