ባዶ ምድር፦ በባሕር ዳር ለኤሌክትሪክ ሙያ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ የዛሬው ቀን ባለቤቶች ተመራቂዎች፤

አዘጋጆቹ በልዩ ልዩ አገሮች ስላሉ የሶኬት ዓይነቶች እንድናገር ጠይቀውኛል፤ እናገራለሁም፤ ነገር ግን በክፍል ውስጥ ስጨቀጭቃችሁ የኖርሁበትን የምድር ሽቦ፣ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን፣ ሳላነሳ ከዚህ መድረክ እንደማልወርድ አሳምራችሁ ታውቃላችሁ።

እንግሊዞች በ1947 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደረጃ የወንዴው ሶኬት የምድር እግር ከሁለቱ ይረዝማል፤ እርሱ ቀድሞ ገብቶ የሴቴውን መዝጊያ ካልከፈተ ሌሎቹ እግሮች አይገቡም፤ በሆዱም እስከ 13 አምፔር የሆነ ባልቦላ ይዟል። ጀርመኖች ሹኮ የሚሉት፣ በእኛም ቤት የተለመደው፣ ሴቴው ጎድጓዳ በመሆኑ እግሮቹ ኤሌክትሪክ በሚነኩበት ጊዜ ጣት አይደርስባቸውም፤ ምድሩንም በግራና በቀኝ ባሉት ስስ ብረቶች ይጨብጣል። የአሜሪካኖቹ ጠፍጣፋ እግር ግን እርቃኑን ነው፤ ግማሹ ተነቅሎ ከተንጠለጠለ የወደቀ ሳንቲም ሊያገናኘው ይችላል። ቮልቱ 120 መሆኑ ሳይጠቅማቸው አልቀረም። እኔ ብመርጥ የእንግሊዙን እመርጣለሁ፤ የእኛ ሰው ግን ከዐረብ አገር የመጣውን ባለ ሦስት ቀዳዳ ዲቫይደር የምድሩን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ወግቶ ሁለት እግር ይሰካበታል።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ባለፈው ክረምት ሽምብጥ የሚኖሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምጣዴ ይነዝረኛል» ብለው አስጠሩኝ። ስደርስ ወለሉ ርሷል፤ እርሳቸው ኮንጎ ጫማ አድርገው፣ ደረቅ ሳንቃ ላይ ቆመው፣ አክንባሎውን በጨርቅ ጠቅልለው እያነሡ ይጋግራሉ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ጋግረዋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠባዩ መስሏቸው! ሶኬቱ አዲስ ሹኮ ነው፤ የጎኑ ብረቶች ያብረቀርቃሉ። ከግድግዳው ስፈታው አረንጓዴና ቢጫው የምድር ሽቦ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

መስመሩን የዘረጋው እኔው ያስተማርሁት ልጅ ነው። ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ አከራዩ የምድሩ ሽቦ ታስሮበት መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ብረት አልገዛም አለኝ» አለኝ። ታዲያ ሶኬቱን ስለ ምን ባለ ምድር አደረግኸው? የጎን ብረት የሌለው ባለ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እኔ ገና ከበር ሳየው ምድር እንደሌለው ባወቅሁ ነበር። አንተ ግን ግድግዳው ላይ የሚዋሽ ሶኬት ገጥመህ፣ ዋጋህን ቆጥረህ ሄድህ! የጀርመን ብልሃት፣ የእንግሊዝ ብልሃት፣ ከበስተኋላው ሽቦው ከተቆረጠ ምን ይፈይዳል?

ስለ ዲቫይደርም አንድ ነገር ልበል፤ ሹኮ ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር በ220 ቮልት 3,520 ዋት ነው፤ ምጣድ ብቻውን ወደዚያ ይጠጋልና በቀጭን ሽቦ ላይ ከምድጃ ጋር አትደርቡት። ጣሊያኖች ሦስቱን እግር በአንድ መስመር ይደረድራሉ፤ እርሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

የእኚያን እናት ብረት ከዚያው ልጅ ጋር ሆነን ቀበርነው፤ ድንጋዩ ግማሽ ቀን ፈጀብን። እናንተም ከሰኞ ጀምሮ የሰው ቤት ስትገቡ በፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ፣ እና በጎኑ ብረት መካከል ቮልቱን ለኩ፤ ወደ 220 ካልተጠጋ ዋጋችሁን አትቀበሉ። ከተጠጋም ሶኬቱን ፈትታችሁ እዩት፤ ምድሩን ከኒውትራል፣ ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ፣ ጋር ቋጥሮ የሚያታልል አለና።

አመሰግናለሁ።