ፎንዱ በሸክላ ድስት

[ምስል፦ ትንሽ ሸክላ ድስት፣ እንፋሎት፣ ዙሪያውን ረጅም ሹካ የያዙ እጆች]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ያለሁት አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ኩሽና ውስጥ ነው። ማታ ሦስት ጓደኞቼ እራት ይመጣሉ። ከእኔ ጋር አራት እንሆናለን። የምንበላው ፎንዱ ነው።

ፎንዱ የስዊዘርላንድ ምግብ ነው። ቺዝ በነጭ ወይን ይቀልጣል። ድስቱ ጠረጴዛው መሃል እሳት ላይ ይቀመጣል። ሁሉም ቁራሽ ዳቦ በሹካ ወግቶ እያጠቀሰ ይበላል። ስሙም ከፈረንሳይኛው «ማቅለጥ» የመጣ ነው። ቺዝን በወይን ስለማብሰል ዙሪክ ላይ የተጻፈ የአሠራር ጽሑፍ አለ፤ ዘመኑ 1699 እ.ኤ.አ. ነው። የመላው አገሪቱ ምግብ ተብሎ የታወቀው ግን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የስዊዝ ቺዝ ማኅበር ሽያጩን ለማሳደግ አጥብቆ አስተዋወቀው።

[ምስል፦ ሸክላ ድስቱ በቅርበት]

«ድስቱን ከየት እናምጣ?» ብላችሁ እንዳትተዉት። የስዊዞቹ ድስት ካክሎን ይባላል። ወፍራም፣ ሰፋ ያለ፣ እጀታ ያለው ድስት ነው። የጥንቱ ከሸክላ ይሠራል። እንግዲህ ሸክላ እኛ ጋ አለ! ቀጨኔ ያሉ እናቶች የሚሠሩትን ድስት ተመልከቱ፤ ተጋቢኖ እየተንተከተከ የሚቀርብበትን። ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይቆያል። ቺዝ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አዲስ ከሆነ ግን መጀመሪያ በደንብ ይሟሽ። ሳይሟሽ እሳት ላይ ከወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለጠረጴዛው የሸክላ ጥብስ ማቅረቢያ፣ ያ ከሥሩ ፍም የሚይዘው፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ቤት ውስጥ ከሰል አልወድም። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ በረንዳ ላይ ይሁን። እኔ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ዝቅ አድርጌ እጠቀማለሁ።

[ምስል፦ አይብ በሳህን፤ አጠገቡ የተፈገፈገ ቺዝ]

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «በራሳችን አይብ ይሆናል ወይ?» ተብዬ ስንት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። አይሆንም። ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ ፎንዱውን ራሱን ያስተምራል።

ወተት ውስጥ ኬዚን የሚባል ፕሮቲን አለ። ጎዳ ወይም ግሩዬር በሚባሉት ቺዞች ውስጥ ኬዚኑን እርስ በርስ ያያያዘው ካልሲየም ነው። ሲሞቅ ማያያዣው ይላላል፣ ቺዙም ይለሰልሳል። የእኛ አይብ ከአሬራ ነው የሚወጣው። አሬራው ኮምጣጣ ስለሆነ አብዛኛውን ካልሲየም ከፕሮቲኑ አላቆ ከአጓቱ ጋር ይሸኘዋል። የቀረው ፕሮቲን ሲሞቅ ይበልጥ ይጨባበጣል እንጂ አይቀልጥም። አይብ እወዳለሁ፤ ቦታው ግን ክትፎው ጎን ነው።

ስዊዞቹ ብዙ ጊዜ ግሩዬርና ቫሸረን የሚባለውን ሌላ ቺዝ እኩል እኩል ያደርጋሉ። ከውጭ የገባ ቺዝ ውድ ነው። እኔ እዚሁ የተመረተ የጎዳ ቺዝ እና የፕሮቮሎን ቺዝ ግማሽ በግማሽ እቀላቅላለሁ። ሞዛሬላ ለብቻው አይሁን። መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ዳቦውን ሁሉ ከሹካ ነቀለው። እንግዶቼን ሳላበላ በመሸኘቴ በጣም አዘንኩ።

ለአንድ ሰው 200 ግራም ቺዝ ያዙ። ለአራት ሰው 800 ግራም ይሆናል። ወይኑ 300 ሚሊ ሊትር፣ ጣፋጭ ያልሆነ ነጭ፤ አዋሽ ክሪስታል ይሆናል። ወይኑ ለጣዕም ብቻ አይደለም። አሲዱ ካልሲየሙን ትንሽ ስለሚይዝ ቺዙ ሳይጓጉል ይፈስሳል። ከአሬራው የሚለየው መጠኑ ነው፦ እዚያ ብዙ፣ እዚህ ጥቂት።

[ምስል፦ እጅ ሲያማስል]

ነጭ ሽንኩርት ለሁለት ከፍላችሁ የድስቱን ውስጥ እሹት። ወይኑን አሙቁ፤ እንፋሎት ይውጣ እንጂ አይፍላ። የተፈገፈገውን ቺዝ በሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ለውሱት። ከዚያ እፍኝ በእፍኝ ጨምሩ። አንዱ ሳይቀልጥ ሌላው አይግባ። በእንጨት ማንኪያ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ አማስሉ። ዙሪያውን ብቻ ካዞራችሁት ቺዙ መሃል ላይ ይጠቀለላል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፣ ስልክም አታንሱ። እሳቱ ከበረታ ፕሮቲኑ ይኮማተራል፣ ቅባቱም ይለያል። ከተለየባችሁ አትደንግጡ። አንድ ማንኪያ ስታርች በሎሚ ጭማቂ በጥብጣችሁ ጨምሩና በቀስታ አማስሉ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

መጨረሻ ላይ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ ገውዝ። ስዊዞቹ ኪርሽ የሚባል የቼሪ አረቄ ይጨምሩበታል። እኔ ግማሽ መለኪያ የደብረ ብርሃን አረቄ አደርጋለሁ፤ ያምርበታል።

ወይን የማይነካ እንግዳ ካላችሁ «አልኮሉ ተኖ ያልቃል» አትበሉ፤ ሁሉም አይተንም። በወይኑ ፈንታ የፖም ጭማቂ ከሎሚ ጋር ተጠቀሙ። ረቡዕ፣ ዓርብና አጽዋማቱንም አስቡ። የሚጾም ሰው ካለ ወተት የሌለው ጥቁር ቸኮሌት በፍል ውሃ እንፋሎት አቅልጡለት፤ በሙዝና በእንጆሪ ይበላዋል።

[ምስል፦ የተቆራረጠ ዳቦ፣ ድንች፣ አበባ ጎመን]

ዳቦው የትናንት ይሁን፤ ትኩስ ዳቦ ይፈርሳል። እያንዳንዱ ቁራሽ ቅርፊት ይኑረው፣ ሹካው የሚይዘው እሱ ነው። ድንቹን ቀደም ብላችሁ ጣዱት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ድንቹም ይዘገያል።

ስታጠቅሱ ሹካውን እስከ ድስቱ ሥር አውርዱት፤ እያንዳንዱ ሰው እየበላ ያማስላል ማለት ነው። ሹካው ወደ ጋራ ድስት ስለሚመለስ በከንፈር አይነካ፤ በሌላ ሹካ አውርዳችሁ ብሉ። ባለፈው ፎቅ ላይ ያሉት እማማ ሽታው ስቧቸው ወረዱ። «ልጄ፣ ሽሮ ነው እንዴ?» አሉኝ። አንድ ቁራሽ አጠቅሼ አጎረስኳቸው። ዝም ብለው ወንበር ሳቡ።

[ምስል፦ ባዶ ድስት፣ ከሥሩ ወርቃማ ቅርፊት]

ሲያልቅ እሳቱን ወዲያው አታጥፉ። ከሥር ቀጭን ቅርፊት ይይዛል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ «ላ ሬሊዥዩዝ» ይሉታል፤ መነኩሲቷ ማለት ነው። በቢላ ጫፍ አንሡና ለሁሉም አካፍሉ። ወጥ የጠጣውን የታችኛውን እንጀራ የሚወድ ሰው ይህን ይወደዋል። ድስቱን ትኩስ እንደሆነ ቀዝቃዛ ውሃ አታስነኩት። ሲበርድ ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት በቀላሉ ይለቃል።