የኦጋዴን ጦርነት ሒሳብ የተጻፈው በማን ስም ነው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ስለተዋጉበት የኦጋዴን ጦርነት ላውራ ብያለሁ። ስለ ጀግንነቱ ግን አይደለም፤ እሱ በየዓመቱ የካቲት 26 ይወራል፣ ይገባዋልም። እኔን የሚከነክነኝ ሒሳቡ ነው። ከውጭ የገቡት ኃይሎች ምን ፈልገው ገቡ? ምን አወጡ? ዕዳው በማን ስም ተጻፈ? ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

የውጭ ኃይል ጦርነት ውስጥ እጁን ሲያስገባ «ነዳጅ ሸቶት ነው» ማለት ይቀናናል። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ቀንድ የሚፈለገው ግን ቦታ ነበር፦ አንቴና የሚተከልበት ከፍታ፣ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ፣ ከባድ አውሮፕላን የሚያሳርፍ ማኮብኮቢያ። አሜሪካ በ1953 ከንጉሡ መንግሥት ጋር ተፈራርማ አስመራ ያለውን ቃኘው የተባለ የመገናኛና የስለላ ጣቢያ ለ25 ዓመት ያዘች፤ በአንጻሩ ጦሩን አስታጠቀች፣ አሠለጠነች። እኔ ይህን የቤት ኪራይ ነው የምለው። ሳተላይት ሲመጣና ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ዲዬጎ ጋርሲያ የተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሲሠራ ቃኘው ረከሰ። በ1977 መጀመሪያ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት እርዳታ ሲቀንሱ ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም፤ ደርግ ሰው ይገድል ነበር። ግን ያን እውነት መናገር ያን ያህል ርካሽ የሆነው ቤቱ ስለማያስፈልግ ይመስለኛል።

ሶቪየቶችም ያው ናቸው። ግብፅ በ1972 አማካሪዎቻቸውን አስወጥታ፣ በ1976 ደግሞ የወዳጅነት ውሉን ሰርዛባቸው ነበር። በሶማሊያ ወደብ በርበራ ላይ ግን ከሶማሊያ ጋር በተፈራረሙት የ1974 ስምምነት ተደላድለዋል። ኢትዮጵያ ስትከፈትላቸው ሁለቱንም መያዝ ፈለጉ። በመጋቢት 1977 የኩባው መሪ ካስትሮ ደቡብ የመን፣ ኤደን ከተማ ላይ መንግሥቱንና የሶማሊያውን መሪ ዚያድ ባሬን አገናኝተው «ፌዴሬሽን ፍጠሩ» አሉ፤ አልሆነም። ሶማሊያ በሐምሌ ወረረች፣ በኅዳር ሶቪየቶችን አባረረች። ሞስኮ የሕዝብ ብዛትና የቀይ ባሕር ጠረፍ ያላትን መረጠች።

ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በአየርና በባሕር የተጓጓዘው መሣሪያ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይገመታል። ይህ ግምት የዋጋ ዝርዝር ላይ ያለ ዋጋ መሆኑን ልብ በሉ። ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ታንክ ለላኪው ብዙም አያስወጣውም፤ ለተቀባዩ ግን ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል።

ጦር ሠራዊት መሣሪያ ሲቀይር ምን እንደሚገጥመው ብዙ አይወራም። የአሜሪካው ኤም-41 ታንክ መድፍ 76 ሚሊሜትር ነው፣ የቲ-55 ደግሞ 100። የመድፈኛው ክፍል መድፍም ከ105 እና ከ155 ወደ 122 እና 130 ሄደ። ጠመንጃው ይባስ ያሳስታል፦ የአሜሪካው ኤም ዋንም የሶቪየቱ ክላሽም 7.62 ይባላሉ፤ የአንዱ ቀለህ 63 ሚሊሜትር፣ የሌላው 39 ነው። ግምጃ ቤት ውስጥ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግንባር ላይ የሚደርሰው ጥይት አይጎርስም። የጥገና መመሪያው ሩሲያኛ ነው፣ መካኒኩ የተማረው በእንግሊዝኛ። ስለዚህ አማካሪ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይመጣል፤ አማካሪ ደግሞ ጦርነቱን ወደ መምራት ይሸጋገራል። የሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ አዲስ አበባ የተቀመጡት ለዚሁ ነበር።

የሶማሊያ ጦር ደግሞ ተቃራኒው ደረሰበት። ታንኩ የሶቪየት፣ መለዋወጫው የሶቪየት፤ አቅራቢው አሁን ጠላት። ግብፅ ያቅሟን አቀበለች፣ አልበቃም። በአየር ላይ የኢትዮጵያ ኤፍ-5 በሶማሊያ ሚግ-21 ላይ የበላይነቱን ይዞ ነበር፤ የአሜሪካን አውሮፕላን ያለ አሜሪካ መለዋወጫ ማብረር ግን ሌላ ራስ ምታት ነው። እስራኤል ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንደምትሸጥ በየካቲት 1978 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን በአደባባይ ተናገሩ። እነ ሊቢያና እስራኤል አንድ ወገን የረዱበት ጦርነት መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

ኩባ የከፈለችው በሰው ነው። ከ12 ሺህ በላይ ወታደሮች ላከች፤ በይፋ የተገለጸው የሟቾቿ ቁጥር 163 ነው። ጦሯ ሙሉ በሙሉ የወጣው በ1989 ነው። ጥቅሟ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ከሁሉም ይልቅ እምነት የነበራት እሷ ትመስለኛለች፤ ሌሎቹ ቦታ ነበር የሚቆጥሩት።

ጅጅጋ አጠገብ ካራማራ ላይ ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችን ከተራራው ጀርባ አሳረፉ፣ ጅጅጋ ተያዘች፣ ከቀናት በኋላ ዚያድ ባሬ ጦራቸው እንደሚወጣ አስታወቁ። ሶቪየቶች ቀይ ባሕር ውስጥ ባሉት የዳህላክ ደሴቶች ላይ የባሕር ኃይል ጣቢያ አገኙ። አሜሪካም በነሐሴ 1980 ሶቪየቶች የለቀቁትን በርበራ ለመጠቀም ተፈራረመች፤ ለሶማሊያ የታሰበው ወታደራዊ ብድር በሁለት ዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ማለት ቤት ተለዋወጡ። ሁለቱም ወገን ላይ የሞተው ሰው ግን አልተለዋወጠም።

የኛ ዕዳ ቀረ። ደርግ በግንቦት 1991 ወደቀ፣ ሶቪየት ኅብረት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፈረሰች፤ አበዳሪውም ተበዳሪውም ሞቱ፣ ወረቀቱ ግን ለሩሲያና ለአዲሱ መንግሥት ተላለፈ። ክርክሩ በምንዛሪው ነበር። ሩሲያ 1 ዶላርን በ60 ኮፔክ ልታሰላ ፈለገች፤ በዚህ ስሌት በሩብል የተበደርነው በዶላር ያብጣል። በ1997 የአበዳሪ አገሮች ስብስብ የሆነው የፓሪስ ክለብ አባል ስትሆን ከእንዲህ ዓይነት ዕዳዎች ላይ እስከ 80 በመቶ ቅናሽ ለማድረግ ተስማማች፤ የኛም አብዛኛው በኋላ የተሰረዘው በዚህ መንገድ ነው።